ፌስታል ውስጥ የተገኘው 777 ዶላር

ጋሼ በየዓመቱ የታክስ ወቅት ሲደርስ አንድ ፌስታል ይዘውልኝ ይመጣሉ። የዓመቱ ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ የደመወዙ፣ የመድኃኒቱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም የሱፐርማርኬት ደረሰኝ። ግማሹ ፖስታ እንደታሸገ ነው። እኔ ካልጋሪ ውስጥ ለአገር ልጆች ታክስ እሠራለሁ። የሥራዬ ግማሹ ፖስታ መክፈት ነው ብል አላጋነንኩም።

በፌብሩዋሪ 2025 ከከፈትኳቸው ፖስታዎች አንዱ ለታክስ የማይፈለግ ነበር። ከባንካቸው የመጣ ዓመታዊ የክፍያ ሪፖርት ነው። ሁለተኛው ገጽ ታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ባንኩ ከሒሳባቸው የተነሳ ያገኘው ገንዘብ ተጽፏል፦ 370 ዶላር።

«ጋሼ፣ ይሄን ያውቁታል?»

«ምኑን?»

«ባንኩ በዚህ ሒሳብ አምና 370 ዶላር አግኝቷል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም። ነፃ ነው ብላ ነው የከፈተችልኝ።»

የባንኳ ሠራተኛ አልዋሸችም። ሒሳቡን መክፈት ነፃ ነበር። ወርኃዊ ክፍያም የለውም። ጋሼ ሲያስገቡ አይከፍሉም፣ ሲያወጡም አይከፍሉም። ታዲያ 370 ዶላሩ ከየት መጣ? ነገሩን ስቆፍረው ደግሞ 370 ግማሹ እንኳን እንዳልሆነ ገባኝ። ትክክለኛው 777 ገደማ ነበር።

ጋሼ ስማቸው እስካልተጠራ ድረስ ቁጥሩን ብጽፈው ግድ የላቸውም። ዶላር ስል ሁሉ የካናዳውን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጆቹ ነው።

መሶቡና እንጀራው

ጉዳዩ ቲኤፍኤስኤ ስለሚባለው ሒሳብ ነው። ካናዳ በ2009 የጀመረችው፣ ውስጡ የሚወለደው ትርፍ ታክስ የማይነካው የቁጠባ ሒሳብ። ስሙ ላይ «ቁጠባ» የሚል ቃል ስላለ ብዙ ሰው ወለድ የሚከፍል የባንክ ደብተር ይመስለዋል። አይደለም። ቲኤፍኤስኤ መሶቡ ነው፣ እንጀራው አይደለም። ውስጡ ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ ይቻላል። አክሲዮን፣ ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ የሚያበድሩት ገንዘብ)፣ ሚውቹዋል ፈንድ፣ ኢቲኤፍ የሚባለውም ይገባል። ሚውቹዋል ፈንድ የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ የሚገዛበት ድስት ነው፤ ኢቲኤፍም እንዲሁ ነው፣ ግን እንደ አክሲዮን ገበያ ላይ ይሸጣል። መሶቡ ነፃ ነው ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የጋሼ ነገር እዚህ ላይ ነው የተምታታው።

ጋሼ በ2017 ዕቁብ ወጣላቸው፤ 10,000 ዶላር። አዲስ አበባ ቤት ለመጀመር አስበው ነበር፣ ሳይሆን ቀረ። ብሩን ይዘው ሰፈራቸው ወዳለው ቅርንጫፍ ሄዱ። ሠራተኛዋ ቲኤፍኤስኤ ከፈተችላቸውና ገንዘቡን የባንኩ የራሱ በሆነ ድብልቅ ሚውቹዋል ፈንድ ውስጥ አስገባችው። ስድሳ በመቶ ያህሉ አክሲዮን፣ ቀሪው ቦንድ። ከዚያ ወዲህ ሲመቻቸው እየጨመሩ በጠቅላላ 30,000 ዶላር አስገብተዋል። እኔ ፖስታውን የከፈትኩ ቀን 38,600 ደርሶ ነበር።

«አድጓል እኮ!» አሉ ጋሼ። አዎ፣ አድጓል። ሚውቹዋል ፈንድ ዘረፋ አይደለም። ጥያቄው ሳያድግ የቀረው ስንት ነው የሚለው ነው።

ፈንዱ ኤምኢአር የሚባል ክፍያ አለው። የማስተዳደሪያው፣ የሻጩ ኮሚሽንና ታክሱ ተጠቃሎ በመቶኛ የሚገለጽ ነው። የጋሼው 2.1 በመቶ ነበር። ይህ ገንዘብ ቢል ሆኖ አይመጣም። በየቀኑ ከፈንዱ ድስት በማንኪያ እየተጨለፈ ይወጣል፤ ለሰው የሚታየው ከተጨለፈ በኋላ ያለው ዋጋ ነው። ለዚህ ነው ጋሼ «ከፍዬ አላውቅም» ያሉት፤ ከልባቸው ነው።

ሪፖርቱ ላይ የታየው 370 ዶላር ደግሞ ለሻጩ የሚሰጠው ኮሚሽን ብቻ ነው፤ አንድ በመቶ ገደማ። የቀረውን የፈንድ ክፍያ በዶላር አስልቶ ማሳየት እስከዚያ ድረስ ግዴታ አልነበረም። አዲሱ ደንብ ከጃንዩዋሪ 2026 ጀምሮ ነው የሚሠራው። ሙሉው ክፍያ በዶላር የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት በ2027 መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ብዙ ሰው ያኔ ፖስታውን ሲከፍት ይደነግጣል ብዬ እገምታለሁ። ከከፈተው።

በ2024 የጋሼ ሒሳብ በአማካይ 37,000 ገደማ ነበር። የዚያ 2.1 በመቶ 777 ዶላር ነው። ቁጥሩን ፖስታው ጀርባ ላይ ጻፍኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። «ይሄ የሁለት ወር የመኪና ኢንሹራንሴ ነው» አሉ።

ርካሽ ከርካሽ ሲለይ

ማርች ላይ ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠን አማራጭ አወዳደርን። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ማስተካከል ነበረብኝ። ጋሼ ከልጃቸው ስለ ዩትዩብ ሰዎች ሰምተው መቶ በመቶ አክሲዮን የሆነ ኢቲኤፍ ይዘው መጡ። ክፍያው 0.20 በመቶ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ከያዙት ፈንድ ጋር አይወዳደርም። አንዱ ግማሽ ቦንድ ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ ሌላው ሙሉ አክሲዮን። የበሬን ዋጋ ከበግ ዋጋ ጋር አስተያይቶ «በጉ ረከሰ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ስድሳ አርባ የሆነ፣ ሁሉን በአንድ የያዘ ኢቲኤፍ ፈለግን። ኢቲኤፍ ከሚያዘጋጁት ድርጅቶች አይሼርስ አንድ አለው፣ ቫንጋርድም አንድ አለው። ያኔ የአይሼርሱ ክፍያ 0.20፣ የቫንጋርዱ 0.24 በመቶ ገደማ ነበር።

የአይሼርሱ መለያ ምልክት ኤክስ-ባል ይባላል። ለጋሼ ጮክ ብዬ ስነግራቸው ባለቤታቸው እትዬ ከኩሽና ሰሙ።

«ምን አልሽው? የቀድሞ ባል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የኢቲኤፉ ስም ይኸው ሆነ።

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ የቀረው የት እንግዛው የሚለው ነው። ሰው ክፍያ ማወዳደር ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ይሄንን ብቻ ነው። ጋሼ 38,600 ዶላሩን አዛውረው በየወሩ 400 እንዲጨምሩ ነው ሐሳቡ።

የትልልቆቹ ባንኮች የራሳቸው የአክሲዮን መገበያያ አላቸው። አርቢሲና ቢኤምኦ ለአንድ ግዢ 9.95፣ ቲዲ 9.99፣ ሲአይቢሲ 6.95 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። በየወሩ አንዴ ለሚገዛ ሰው በ9.95 ሒሳብ ዓመቱን 119 ዶላር ይመጣል። የኢቲኤፉ 0.20 በመቶ 77 ዶላር ነው። ድምሩ 197 ገደማ። በየወሩ ከመግዛት ገንዘቡን አጠራቅሞ በሦስት ወር አንዴ ቢገዙ ኮሚሽኑ ወደ 40 ይወርዳል። ይቺን ዘዴ ብዙ ሰው አያስባትም።

ዌልዝሲምፕል የሚባለው የስልክ አፕ ከ2019 ጀምሮ አክሲዮንና ኢቲኤፍ ያለ ኮሚሽን ያገበያያል። ናሽናል ባንክ በ2021 ኮሚሽኑን ጣለ። ኩዌስትሬድ የሚባለው የኢንተርኔት መገበያያም በ2025 መጀመሪያ ላይ፣ ልክ እኛ በምናወዳድርበት ሰሞን፣ ዜሮ አደረገው። በእነዚህ ሦስቱ የጋሼ ዓመታዊ ወጪ የኢቲኤፉ 77 ዶላር ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ «አንተ አትንካው፣ እኛ እንገዛልሃለን» የሚሉት ናቸው። ሰው ጥቂት ጥያቄ ይመልሳል፣ ገንዘቡን ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ያደለድለዋል። ዌልዝሲምፕል ለዚህ ከ100,000 ዶላር በታች ላለ ሒሳብ 0.5 በመቶ ይወስድ ነበር፤ ለጋሼ 193 ዶላር። የኩዌስትሬዱ 0.25 በመቶ ነበር፤ 96 ዶላር ከምናምን። ውስጥ ያሉት ኢቲኤፎችም የራሳቸው ትንሽ ክፍያ ስላላቸው የመጀመሪያው 250 አልፎ ይሄዳል፣ ሁለተኛው 170 አካባቢ ይሆናል።

ይሄን ሁሉ በደብተር ቀጥ አድርጌ ጻፍኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት ጣታቸው የሄደው ወደ 77 ነው። የኔም እንዲሁ። ሁለታችንም በ77 እና በ170 መካከል ሃያ ደቂቃ ተከራከርን፤ ልዩነቱ በወር ስምንት ዶላር አይሞላም። ከላይ ግን 811 የሚል ቁጥር ተቀምጧል፤ በዚያው በባንኩ ቢቀጥሉ በ38,600ው ላይ የሚጨለፈው ነው። ከ811 ወደ የትኛውም ቢወርዱ አብዛኛውን መንገድ ሄደዋል። የመጨረሻዋን ሳንቲም ስናሳድድ ትልቁን ልንረሳው ምንም አልቀረንም ነበር።

እንዲገባን ብዬ ወደፊት አስኬድኩት። ገበያው ከክፍያ በፊት በዓመት 6 በመቶ ቢሰጥ እንበል። ይህ ግምት እንጂ ተስፋ አይደለም። በየዓመቱ 4,800 እየጨመሩ ለ15 ዓመት ቢሄዱ በባንኩ ፈንድ 164,000 ገደማ ይደርሳል። ራሳቸው በዜሮ ኮሚሽን ቢገዙ 200,000። በሚያስተዳድረው አፕ፣ ጠቅላላ ክፍያው 0.7 በመቶ ቢሆን፣ 190,000 ገደማ። 36,000 ዶላር ነው የሚፈሰው፤ ከዚያ ውስጥ 26,000 ያህሉን የሚያስተዳድረው አፕም ያድነዋል።

እኔ 200,000ዋን መከርኳቸው። ዌልዝሲምፕል ላይ ራሳቸው በሚገዙበት ሒሳብ፣ ኤክስ-ባል ብቻ፣ በየወሩ አውቶማቲክ። እትዬ ግን አልጣማቸውም። «እሱ ስልክ ላይ ነገር ካየ እጁ አያርፍም» አሉ። ሰማሁና አለፍኩት። ቁጥር ላይ ስለነበርኩ።

ሲያዛውሩ

ጋሼ ቀላሉን መንገድ አስበው ነበር። ከባንክ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማስገባት። ይሄን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አንዳንዱም ይቀጣል።

ቲኤፍኤስኤ ጣሪያ አለው። መንግሥት በየዓመቱ የሚፈቅደው መጠን አለ፤ ያልተጠቀሙበት ይጠራቀማል። ዜናው በ2025 ጣሪያው 102,000 ደርሷል ይላል። ይህ ግን ከ2009 ጀምሮ እዚህ ለኖረና ያኔ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ጋሼ ካናዳ የገቡት በ2013 ነው። የእሳቸው ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ዓመት ነው፤ 82,000 ይሆናል። የእኛ ሰው እርስ በርስ ሲነጋገር ይቺን 20,000 ይዘነጋታል። ከጣሪያው በላይ ያስገባ ሰው ባሳለፈው መጠን ላይ በየወሩ 1 በመቶ ይቀጣል። ዓመት ሙሉ ካልነቃ 12 በመቶ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ሲተያይ የሁለት በመቶው ፈንድ ደግ ነው።

ሌላም አለ። ከቲኤፍኤስኤ ያወጡት ገንዘብ ቦታው፣ ማለትም ያንኑ መጠን መልሶ የማስገባት ፈቃዱ፣ የሚመለሰው በሚቀጥለው ጃንዩዋሪ 1 ነው። ጋሼ 82,000 ጣሪያ ይዘው ያስገቡት 30,000 ስለሆነ 52,000 ባዶ ቦታ ነበራቸው። 38,600 አውጥተው ቢመልሱት አይቀጡም ነበር። ግን ለዓመቱ የቀረው ቦታ ወደ 13,400 ይወርድባቸዋል። ቦታውን የሞላ ሰው ቢሆንማ ቅጣት ነው። ስለዚህ አዲሱ ድርጅት ከአሮጌው በቀጥታ እንዲወስደው ጠየቅን። በቀጥታ ሲዛወር እንደ ማውጣት አይቆጠርም።

ባንኩ ለመሰናበቻ 100 ዶላርና 5 ታክስ ቆረጠ። ብዙዎቹ ተቀባዮች ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚያመጣ ሰው ይሄን ይመልሳሉ፤ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። ጠየቅን፣ ከወራት በኋላ ተመለሰ።

እትዬ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ እኔ ማንሳት የነበረብኝ። «እሱ አንድ ነገር ቢሆንስ?» አሮጌው ሒሳብ ላይ እትዬ ተተኪ ባለቤት ተብለው ተመዝግበዋል። ያ ምዝገባ ከገንዘቡ ጋር አብሮ አይሄድም፤ አዲሱ ላይ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። ተተኪ ባለቤት ከሆኑ ሒሳቡ እንዳለ ቲኤፍኤስኤ ሆኖ ወደ እሳቸው ይዞራል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ክፍያ ስናሰላ ማንም ትዝ አላለውም።

ጋሼን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። «ይሄ አፕ ቢዘጋስ? ዕቁብ ሰብሳቢ ይዞ እንደጠፋው ቢጠፋስ?» ደንበኞቹን የሚሸፍን ሲአይፒኤፍ የሚባል የኢንዱስትሪው ዋስትና አለ። ድርጅቱ ከስሮ የደንበኛው ንብረት ቢጎድል እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። ገበያው ወርዶ ዋጋ ቢቀንስ ግን አይሸፍንም። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

የኤፕሪል ነገር

ጥያቄውን ያስገባነው ማርች 17 ነው። የባንኩ ፈንድ የባንኩ ብቻ ስለሆነ እንዳለ አይዛወርም፤ ተሽጦ በጥሬው ነው የሚሄደው። ገንዘቡ አዲሱ ሒሳብ ላይ የደረሰው ዓርብ፣ ኤፕሪል 4 ነበር።

ያን ሳምንት የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ኤፕሪል 2 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ታሪፋቸውን አወጁ። በኤፕሪል 3 እና 4፣ ሁለት ቀን ብቻ፣ የትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። የጋሼ ገንዘብ ያኔ መንገድ ላይ ነበር፤ አልነካውም። ጋሼ ደውለው «አንቺ ልጅ፣ ነቢይ ነሽ» አሉኝ። አይደለሁም። የባንኩ ቢሮክራሲ ነው ያዳናቸው።

«ይሄኔ ይግዙ» አልኳቸው ሰኞ።

«ይቆይ። ገና ይወርዳል።»

ማክሰኞም ይቆይ። ረቡዕ ኤፕሪል 9 ታሪፉ ለጊዜው መዘግየቱ ተሰማና ገበያው በአንድ ቀን ከ9 በመቶ በላይ ዘለለ። ጋሼ አሁን ደግሞ «ተወደደ» አሉ። ሲወርድ ይፈራሉ፣ ሲወጣ ይቆጫሉ። የገዙት ሜይ አጋማሽ ላይ ነው። ዋጋው ከኤፕሪሉ ዝቅታ የወጣበት ልክ ክፍያ በመቀነስ በዓመት ሊያድኑት ከነበረው 734 ዶላር ይበልጣል። ባጋጣሚ ያተረፉትን በመጠበቅ መለሱት ብል ይቀላል።

በዚህ መሐል ልጃቸው አንድ የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን ጠቆማቸው። 2,000 ዶላር አውጥተው ገዙ። ኮሚሽን ዜሮ፣ አፑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን አክሲዮኑ የሚሸጠው በአሜሪካ ዶላር ነው። ምንዛሪው ላይ 1.5 በመቶ ክፍያ ነበረ፤ 30 ዶላር ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰግተው ሸጡት፤ ሲመለስም 30 ገደማ። በሁለት ጠቅታ 60 ዶላር ወጣ። አንድ ዓመት ሙሉ ለኤክስ-ባል የሚከፍሉት 77 ነው። ቢይዙት እንኳ ኩባንያው ለባለ አክሲዮኖች ከሚያከፋፍለው ትርፍ፣ ከዲቪደንዱ፣ የአሜሪካ መንግሥት 15 በመቶ ያስቀር ነበር። ቲኤፍኤስኤ ከታክስ ነፃ የሆነው ካናዳ ውስጥ ነው፤ ዋሽንግተን አታውቀውም።

እዚህ ላይ የእትዬ ቃል ትዝ አለኝ። ደብተሬ ላይ የነበረው ዓምድ ኮሚሽን፣ ኤምኢአር፣ መሰናበቻ፣ ምንዛሪ ይላል። «የማያርፍ እጅ» የሚል ዓምድ አልነበረውም። የሚያስተዳድረው አፕ ቢሆን ገንዘቡ እንደደረሰ ራሱ ይገዛ ነበር። ጋሼ ይጨነቃሉ እንጂ ምንም አያደርጉም። 0.5 በመቶው በከፊል የዚያ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ብክነት ነበር የቆጠርኩት። አሁን አንድ ሰው ፌስታል ይዞ ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው ገበያው በወደቀ ጊዜ፣ በ2020ም ሆነ በ2022፣ ምን እንዳደረገ ነው። ክፍያው ከዚያ በኋላ ነው።

ጁን ላይ እትዬ ዕቁብ ደረሳቸው። 10,000 ዶላር። የራሳቸውን ቲኤፍኤስኤ ከፈቱ፤ በሚያስተዳድረው በኩል። በዓመት 50 ዶላርና ትንሽ የኢቲኤፍ ክፍያ። «እንደ ጋሼ ራስዎ ቢገዙ ይረክስ ነበር» አልኳቸው፣ ለወጉ ያህል። ሳቁብኝ።

አንድ ነገር ሁለቱንም ይመለከታል። ሲጦሩ አገር ቤት የመግባት ሐሳብ አላቸው። ከካናዳ ነዋሪነት ሲወጡ ሒሳቡን መያዝ ይችላሉ፤ ካናዳም ትርፉን ታክስ አታደርገውም። ግን አዲስ ቦታ አይጨመርላቸውም፤ በዚያ ጊዜ የሚያስገቡት ላይም የ1 በመቶው ቅጣት አለ። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት አውቶማቲኩን ማጥፋት አለባቸው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌላቸዋለሁ።

ሴፕቴምበር ላይ ለአዲስ ዓመት ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ጋሼ ሳልጠይቃቸው ስልካቸውን ሰጡኝ። ኤክስ-ባል አለ፣ ደህና ነው። ግን የወሩ አውቶማቲክ ግዢ ጠፍቷል። ከኦገስት ጀምሮ። 800 ዶላር በጥሬው ቁጭ ብሏል።

«ገበያው የተወደደ መሰለኝ» አሉ ጋሼ፣ ወደ ሌላ እያዩ።

እትዬ ጀበናውን እያዘነበሉ «የኔው ገዝቷል» አሉ።

አስፈቀድኩና 800ውን ገዛሁበት፣ አውቶማቲኩንም መልሼ አበራሁት። ጋሼ ስልካቸውን ተቀብለው ትንሽ አዩትና ወደ እትዬ አዞሩት።

«በይ እይ። ኤክስ-ባልሽ ተመልሷል።»